ጋሽ ኤን የሞሉት ቦታ

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ነበር። ወይስ ሃያ አራት? ሐሙስ መሆኑን ግን ትምላለች፤ ሐሙስ ሐሙስ የትልቁ ፍሪዘር በረዶ የሚፈታበት ቀን ነበርና። ለመጀመሪያ ጊዜ የላብራቶሪውን ደጃፍ ስትረግጥ ወለሉ በውሃ ርሶ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ መወልወያ ይዘው ከኩሬው ጋር ሲታገሉ ነበር ያገኘቻቸው። ግን ደግሞ ያን ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ውሃው ከፍሪዘሩ ይሁን ከእሷ ጃንጥላ ዛሬ ብትጠየቅ እርግጠኛ አይደለችም። ምናልባት ቀኑም ሐሙስ አልነበረም። የሥራ ዘመኗን በሙሉ "ያላነበብሽውን አነበብኩ አትበዪ" እየተባለች የኖረች ሴት፣ ይህ ሁሉ የተጀመረበትን ቀን እንኳ በቅጡ አለማወቋ ያስቃታል። ያስቃት ነበር ማለት ይሻላል።

"አባባ፣ የቫይረስ ንባብ ክፍሉን ኃላፊ የት አገኛቸዋለሁ?" አለቻቸው።

"ምን ፈልገሽ?"

"ዛሬ ሥራ እጀምራለሁ።"

"እንግዲህ ጀምሪያ!" ብለው መወልወያውን አስጨበጧት።

ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። ይህንንም የሰማችው ወለሉን ወልውላ ከጨረሰች በኋላ፣ ያውም በሩ ላይ ቆሞ በሳቅ ከሚፈርሰው የማሽን ቴክኒሺያን ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሯ ሁሉም ጋሽ ኤን ነበር የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። የቫይረስ ዘረመል ማለት በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። እነሱ የሚከታተሉት የሕፃናትን ደረት የሚዘጋ የጉንፋን ዓይነት ነበር፤ ጽሑፉ ወደ አሥራ አምስት ሺህ ፊደል ይጠጋል። ማሽኑ ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ማንበብ አይችልም። ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ደጋግሞ አንብቦ፣ ጫፍ ከጫፍ እያደራረበ ነው የሚሰፋው። አንዳንዴ ታዲያ አንዱ ቁራጭ ይቀራል። ናሙናው ደክሞ ይሆናል፣ ፈሳሹ አርጅቶ ይሆናል። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ምን ይጻፍ? ፕሮግራሙ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ዝም ካሉት ከድሮው መነሻ ጽሑፍ ገልብጦ ይሞላዋል፣ ጽሑፉም ሙሉ መስሎ ቁጭ ይላል። ጋሽ ኤን ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር።

"አላነበብኩም ማለት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ሂዱና ልብ ወለድ ጻፉ!" ይላሉ።

ባልተነበበ ቦታ ላይ ኤን የሚለው ፊደል ይገባል። ኤን ማለት "አላውቅም" ማለት ነው። ቫይረሱ ራሱ ጥሎት የሄደ፣ በእርግጥ የሌለ ቦታ ላይ ደግሞ ሰረዝ። ሁለቱን ያደባለቀ ወዮለት። አንድ ቀን እሷ አደባለቀች።

"ነይ እስቲ" አሏት። "ቤት ስትገቢ እናትሽን ብታጪያት ምን ትያለሽ?"

"ወጥታለች እላለሁ።"

"እናት የለኝም አትይም?"

"ኧረ በስመ አብ በሉ፣ ጋሼ!"

"ታዲያ እዚህ ጋ ለምን እናት የለኝም ብለሽ ጻፍሽ?"

ከዚያ ቀን ወዲህ አላደባለቀችም። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን ማብሪያ ማጥፊያም እሳቸው በገዛ እጃቸው አጥፍተውት ነበር፤ መልሶ ለማብራት የክፍሉ ኃላፊ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ሌላም ሥርዓት አበጅተዋል። ያነበበ ሰው አይልክም፤ ያነበበው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያ ሰው መርምሮ ለሐኪም ቤቶች ይልካል፣ ከላይ ግን የሚሰፍረው የአንባቢው ስም ነው። "ሰው የገዛ ስሕተቱን አያይም፣ ለዚህ ነው" ይሉ ነበር። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው ይልካሉ። ከላኩ በኋላ ከፍታ አይታ አታውቅም። ምን ቆርጧት? ጋሽ ኤን ናቸው እኮ።

በመጀመሪያው ዓመት ማሽኑ ዛሬ እንዳለው አልነበረም። ፊደላቱ በስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ተደርድረው ነበር የሚመጡት፤ አረንጓዴው ኤ፣ ሰማያዊው ሲ፣ ጥቁሩ ጂ፣ ቀዩ ቲ። ዓይን ነበር የሚያነበው። አንድ ጠዋት ጋሽ ኤን ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሸሚዛቸው ተጨማዶ ገቡ። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ።

"የልጄ ናት" አሉ። "ስታቃስት ነው ያደረችው። ሐኪም ቤት አስተኝተናታል። መቼስ ከአፍንጫዋ ናሙና ሳይወስዱ አይተዋትም፣ እኔም ድርሻዬን ለመንኳቸው።"

የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። ልጅቷ ኦክስጅን ላይ ሆና ስትታገል አባቷና አዲሷ ሠራተኛ ሊገድላት የሚችለውን ነገር ፊደል በፊደል ተቀምጠው አነበቡ። እሳቸው ጮክ ብለው ይላሉ፣ እሷ በጣቷ እየተከተለች ታመሳክራለች። "ኤ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ…" አንዳንዴ ድምፃቸው ይቆማል፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይቀጥላሉ። ልጅቷ ዳነች። ያ ጽሑፍም የክፍሉ መነሻ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ቫይረስ ሁሉ የት የት እንደተለወጠ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ተስተያይቶ ነው።

ከዚያው ጽሑፍ ላይ ነው ጋሽ ኤን አንዲት አጭር ቦታ የመረጡት። ሐኪም ቤቶች የሚጠቀሙበት ፈጣኑ ምርመራ ያቺን ቦታ ብቻ ፈልጎ፣ ካገኘ "አለ"፣ ካላገኘ "የለም" ይላል።

"ይቺ የቤቱ ምሰሶ ናት" ይሉ ነበር በእርሳስ ጫፍ እየነኳት። "ቫይረሱ ጣራውን ይቀይር፣ መስኮቱን ይቀይር። ይቺን ከነቀለ ግን ቤቱ በላዩ ላይ ነው የሚናደው።"

ምርመራው በየሐኪም ቤቱ ተሠራጨ። ስንት ሕፃን እንዳተረፈ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ኤን ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም፤ ስለ ምሰሶዋ ሲነሣ ግን ፊታቸው ይበራል፣ ካልሲያቸው የተቀደደ መሆኑን እንኳ ይረሳሉ።

አባቷ የሞተ ጊዜ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ማጽናናት አይሆንላቸውም፤ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሲመሽ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡና የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በላብራቶሪ ጎማ ጥርቅም አድርገው አስረውት ወጡ። እናቷ እስከ ዛሬ "ያ ሽማግሌሽ ያሰረው" እያለች ቧንቧውን ለጎረቤት ታሳያለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታቱ ነጎዱ። እሷም ሽበት አበቀለች፣ ሕፃኗም አድጋ መኪና መንዳት ጀመረች፣ ጋሽ ኤንም ጡረታቸው ደጅ ደረሰ።

አንድ ሰኞ የሕፃናት ሐኪም ቤቱ የክፍል ኃላፊ ስልክ ደወለች። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፤ ድምፅዋ ከቀፎው አልፎ ኮሪደሩን ይሞላል።

"የኔ እህት፣ ምርመራችሁ የለም ይለኛል፤ ልጆቹ ደግሞ ጎድናቸው እየገባ ነው የሚተነፍሱት። ማንን ልመን? ወረቀቱን ወይስ ጎድኑን?"

"ናሙናውን ላኪልኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበዋለሁ።"

"ልኬዋለሁ። ሾፌሩ በር ላይ ነው። ይልቅ ፍጠኚ፤ የለም የተባለውን ሕፃን ጨቅላዎቹ ካሉበት ክፍል ነው የማስተኛው። ሌላ ቦታ የለኝም። ያለ ከሆነ ደግሞ እሳት ነው የጨመርኩባቸው።"

አነበበች። ቫይረሱ አለ፣ ያ የሚያውቁት የጉንፋን ዓይነት። ግን መሐል ላይ፣ ልክ ምሰሶዋ ካለችበት ቦታ፣ አንድም ቁራጭ አልመጣም። በሁሉም ሕፃናት ላይ። መጀመሪያ ኤን ጻፈች፤ እንደተማረችው። ቀጥላም ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ፕራይመር የሚባሉ፣ ቁራጩን ከሁለት ጫፍ የሚይዙ አጫጭር መንጠቆዎች አሉ፤ ከክፍተቱ ራቅ ብለው የሚይዙ ሌሎች አስመጣችና እንደገና ሠራች። አሁን ቁራጩ መጣ፤ ግን አጥሮ መጣ። ከክፍተቱ ግራ ያለው ፊደል ከክፍተቱ ቀኝ ካለው ፊደል ጋር ግጥም ብሎ ተሰፍቷል። ያልተነበበ አልነበረም። የለም። ቫይረሱ ምሰሶውን ነቅሎ ጥሏል፤ ቤቱ ግን አልተናደም።

ኤኑን አጥፍታ ሰረዝ ጻፈች። ከዚያ ወደ ጋሽ ኤን ቢሮ ሄደች።

ንባቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ።

"ፕራይመሩ አቅቶት እንዳይሆን" አሉ።

"በሌላ ደገምኩት፣ ጋሼ። እዩት፣ ግራና ቀኙ ተያይዟል።"

"ናሙናው ተበክሎ…"

"ሁሉም ላይ?"

በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ጎማ ሲያንከባልል ይሰማል። ከዚያ ተነሥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉት፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ አድርገው አያውቁም።

"በዕድሜዬ ብዙ ንባብ አይቻለሁ" አሉ። "ይህን የሚያህል ግን አላየሁም። ተዪልኝ፣ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።"

ደረጃውን እየወረደች መሆኑ አልታወቃትም፤ እግሯ መሬት አልነካም። ቤት ስትገባ እናቷ "ምነው፣ ሎተሪ ወጣልሽ?" አለቻት። "ይበልጣል፣ እማዬ" አለች። እራት ላይ ሆና ሁለቴ ሳቀች፣ ብቻዋን።

ሳምንት አለፈ። አንዳንድ ነገር ስትሠራ ሲስተር ትዝ ትላታለች፤ ደግሞ "ጋሼ ልከውታል፣ ምርመራውን ትተው በሌላ ዘዴ እየለዩ ነው" ብላ ራሷን ታረጋጋለች። በሳምንቱ ለሌላ ጉዳይ የሕፃናት ሐኪም ቤቱን ኮሪደር ስታቋርጥ ከሲስተር ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሲስተር አልሳቀችም።

"ደህና አይደለሁም፣ አትጠይቂኝ" አለች። "ጨቅላዎቹ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ጀመራቸው። አንዷ ኦክስጅን ላይ ናት፣ እናቷ በሩ ሥር ነው የምትውለው። ከየት እንደመጣባቸው አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? የለም የተባሉትን ለያችኋቸው አይደል?"

"ለምን እለያቸዋለሁ? እናንተው አይደላችሁ ቫይረሱ ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለውም፣ ምርመራው ይሠራል ያላችሁ?"

"ማ? እኛ?"

"አንቺ! ስምሽ አለበት እኮ፣ የኔ እህት!"

ክው አለች። ኮሪደሩ ላይ የሚገፋ አልጋ መጥቶ ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው አሳለፉት። ከዚያ ሲስተርን በክንዷ ያዘቻት።

"ስሚኝ" አለቻት። "ምርመራው ዓይኑ ጠፍቷል። የሚፈልገው ቦታ ቫይረሱ ላይ የለም። የለም የተባለውን ሁሉ አለበት ብላችሁ ቁጠሩት። አሁኑኑ ለዩአቸው።"

"በማን ቃል?"

"በእኔ። ስሜ አለበት አላልሽም?"

ሲስተር ለአፍታ ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ዘወር ብላ ያን ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ነርሶቹ ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ፣ አልጋዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ያቺ በሩ ሥር የምትውለው እናትም ብድግ አለች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ የልጇን ጨርቆች መሰብሰብ ያዘች።

ወደ ላብራቶሪው በእግሯ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ለጋሽ ኤን ስትሟገትላቸው ነበር። ማሽኑ ይሆናል። ማብሪያውን ሳያውቅ የነካ ሰው ይኖራል። የተሳሳተ ፋይል ልከው ይሆናል፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መነጽራቸውም መቀየር አለበት። ለራሷ እየማለች ገባችና የተላከውን ንባብ ከፈተች፤ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰረዞቹ የሉም። ቦታው ጢም ብሎ በፊደል ተሞልቷል። ኤ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ…

ማንበብ ስትጀምር ድምፅ ሰማች። የራሷን ድምፅ አይደለም። እዚያ ላይ የሚቆም፣ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚቀጥል ድምፅ። ቫይረስ በየዓመቱ ፊደል ይቀያይራል፤ በዚያ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ፊደላት ከተለወጡ ዘመን አልፏል፣ ዛሬ እነሱን የያዘ ቫይረስ በዓለም ላይ የለም። እነዚህ ሁለት ፊደላት ግን እነሆ ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጡ ለማወቅ ማመሳከር አላስፈለጋትም። አብራ ያነበበችው ነው። ጋሽ ኤን ጉድጓዱን የሞሉት ያን ጊዜ በደረት ኪሳቸው ይዘውት በመጡት፣ ከገዛ ልጃቸው አፍንጫ በወጣው ነው። ማሽን አይደለም፤ ማሽኑ ቢሆን ኤኖችን ሁሉ በሞላ ነበር፤ ሌላ ቦታ ላይ የጻፈቻቸው ኤኖች ግን እንዳሉ ናቸው። የተሞላው ያቺ ቦታ ብቻ ናት። በእጅ። ከላይ ደግሞ የአንባቢዋ ስም።

ቢሯቸው ሄደች። ተቆልፏል። "ለሐኪም ቀጠሮ ወጡ" አላት ቴክኒሺያኑ። "ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"ምንም።"

"ምንም የሚመስል ፊት አይደለም።"

"ተወኝ አልኩህ!"

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ገና በሩ ላይ አወቀች። ሳህኑን አቀረበችላት፣ አልነካችውም።

"ያ ሽማግሌሽ ተናገረሽ?"

"አልተናገረኝም።"

"አልተናገረኝም?" እናቷ ቀና አለች። "ከመቼ ወዲህ ነው እሳቸውን አንተ የምትያቸው? ጥፊ ያምርሻል?"

መንገድ ላይ "እሱ" ለማለት ሞክራ ነበር፤ አሁን አንዴ ወጣላት፤ ለሁለተኛው ግን ምላሷ ዓመታት የለመደውን ሊተው አልወደደም። ከኩሽና ምንም አይሰማም። ያ ቧንቧ አሁንም አያንጠባጥብም። ቢያንጠባጥብ በተሻላት ነበር።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ሰበሰበቻቸው። ሐኪም ቤቱ አቤቱታ አቅርቧል፤ ያለ ፈቃድ በቃል የተሰጠ ትእዛዝም አለ። ዳይሬክተሯ ቁጡ ሴት አይደለችም፤ ሲጨንቃት ቀለበቷን ታሽከረክራለች። ያን ቀን ጣቷ ሊላጥ ደረሰ።

"በጽሑፍ ሙሉ ነው ብለናል፣ በቃል ጎድሏል ብለናል" አለች። "የቱ ነው እውነቱ? ማን ነው ያነበበው?"

ጋሽ ኤን ከጠረጴዛው ማዶ ነበሩ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። አልተቻኮሉም።

"ንባቡ የእሷ ነው" አሉ። "እኔ እሷን አምኜ አሳለፍኩት።"

በዚያች ቅጽበት ምንም አልተሰማትም ነበር፤ በኋላ ነው የመጣው። ያኔ የታያት የሸሚዛቸው ደረት ኪስ ብቻ ነው፤ አሮጌ ሸሚዝ፣ የእርሳስ ጫፍ የበሳው። "አምኜ" ያሉት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። መዋሸታቸው ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። እሷ በእሳቸው ላይ የነበራትን እምነት አንሥተው ነው የሰደቧት።

ተነሥታ የተላከውን ንባብ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራችው። ከጎኑ እሷ የሰጠቻቸውን፣ በኮምፒውተሯ ውስጥ የቀረውን፣ ሰረዝ ያለበትን። ብዙ አላወራችም። ሁለቱን ፊደላት በጣቷ ነካቻቸው።

"እነዚህን የያዘ ቫይረስ ያየ ሰው አለ? ባለፈው ዓመት? ከዚያ በፊትስ?"

ቴክኒሺያኑ አንገቱን አስግጎ አየ። ቀልደኛው ሰው ቀልድ ጠፋበት።

"እነዚህማ የመነሻው ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። "የ… የልጃቸው።"

ዳይሬክተሯ ቀለበቷን ተወችው። "ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የሞላው?"

ጋሽ ኤን ግድግዳውን አዩ። ሁለቱን ፊደላት ሳይሆን ሰረዞቹን ነበር የሚያዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ለማየት የቀረ ነገር እንደሌለ ሁሉ።

"ምሰሶ አይነቀልም ነበር" አሉ።

ሰዉ ከክፍሉ በየተራ ወጣ። ዳይሬክተሯ እሳቸውን አስቀርታ በሩን ዘጋች። ኮሪደሩ ላይ ቴክኒሺያኑ ሊያናግራት ፈልጎ፣ በስተመጨረሻ "ሻይ ላምጣልሽ?" አላት። ራሷን ነቀነቀች። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ደወለች። ኦክስጅን ላይ የነበረችው ሕፃን ጡት መጥባት ጀምራለች፣ አዲስ የታመመ የለም። "ያቺ እናት ማን ነው ያወቀው ብላ ትጠይቀኛለች፤ ስምሽን ነገርኳት" አለች። ስምሽን። ስልኩን ዘጋችና ብዙ ጊዜ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

አሁን መጣ፣ ያ ስሜት። በደረቷ ሳይሆን በትከሻዋ ነው የመጣው፤ መታ መታ ያደረጉበት ቦታ ላይ። ለምን እንዳደረጉት ልትጠይቃቸው አልፈለገችም። ለምኑን በከፊል ታውቀዋለች፤ ፍርሃት፣ ኩራት፣ ደጅ የደረሰ ጡረታ፣ ከሁሉም በላይ ያቺ ምሰሶ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ያን ቀን "ይህን የሚያህል ንባብ አላየሁም" ሲሉ እውነታቸውን ነበር? ትከሻዋን ሲነኩ አስቀድመው ወስነው ነበር ወይስ ገና አልወሰኑም ነበር? የመጀመሪያው ከሆነ፣ እነዚያ ዓመታት ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ናቸው። ሁለተኛው ከሆነ፣ ቢያንስ ያቺ አንዲት ደቂቃ የእሷ ናት። ይህን ብቻ ይንገሯት። ከዚያ ይሂዱ።

አመሻሹ ላይ ሲስተር የላከቻቸውን አዲስ ናሙናዎች ለማዘጋጀት ጓንቷን አድርጋ ናሙና በሚከፈትበት ባለ መስተዋት መሥሪያ ሳጥን ፊት ተቀመጠች፤ ብልቃጦቹን ከፈተቻቸው። ያኔ ነው ደረጃው ላይ ኮቴ የሰማችው። አንድ እግራቸውን ጎተት ያደርጋሉ፤ ከሺህ ሰው መካከል ታውቀዋለች። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቀስ ያሉ መሰላት። ከዚያ ቀጠሉ።

ልትነሣ ነበር። እጇ ግን አስቀድሞ ወደ ብልቃጡ ክዳን ሄደ። የተከፈተ ናሙና ተትቶ አይሄድም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ክዳኑ። ይህን ያስተማራት ማን ሆነና! አንዱን ከደነች። ሌላውን ከደነች። ተራ በተራ፣ ጥርቅም እያደረገች፣ አንዱም እንዳይቀር። ብልቃጦቹን በረዶው ላይ መለሰች። ጓንቷን ገልብጣ አወለቀች፣ ጣለች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እስከ ክርኗ፤ እንደለመደችው ቆጠብ ሳትል። ከዚያ ነው የሮጠችው።

ግቢው ውስጥ ስትደርስ እሳቸውን የያዘችው መኪና ተነሥታለች። መሪውን የያዘችው ልጃቸው ናት፤ ያቺ ሕፃን። ምንም እንዳልነገሯት ያስታውቃል፤ አንባቢዋን በመስተዋቱ አይታ፣ ደስ ብሏት እጇን በመስኮት አወጣች።

"እትዬ! ቅዳሜ እቤት ነይ እሺ!"

አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ አልዞሩም። ጭናቸው ላይ አንድ ካርቶን አቅፈዋል፤ ከካርቶኑ አፍ የአሮጌ ጃንጥላቸው እጀታ ይታያል። መኪናዋ በሩን አለፈች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ከሌሎች መኪናዎች ጋር ተቀላቀለች።

ጥበቃው በሩን ገፍቶ ዘጋው።

"ጋሽ ኤን ዛሬ በጊዜ ወጡሳ!" አለ። "ፈልገሻቸው ነበር እንዴ? ምን ችግር አለው፣ ነገ ታገኚያቸዋለሽ።"

እጇ አሁንም እርጥብ ነበር። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።